በፍሬን ሥራ ላይ «እንደምንም» አይሠራም

(በዋሽንግተን አካባቢ ለሚኖሩ አሽከርካሪዎች የተደረገ ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሏል።)

እንደምን ዋላችሁ። ቅዳሜ ለብዙዎቻችሁ የገበያ ቀን እንደሆነ አውቃለሁ። ሥራችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለነው አብዛኞቻችን እንጀራችን ከመኪና ጋር የተያያዘ ነው። ታክሲ የሚነዳ አለ። ኡበርና ሊፍት የሚሠራ አለ። ከሲልቨር ስፕሪንግ ደለስ ኤርፖርት የሚመላለስ አለ። ከተማ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆም ሄድ ሲል የሚውል መኪና የፍሬን ሸራ ቶሎ ይጨርሳል። ጋራዥ በገባችሁ ቁጥር የምትከፍሉትን ደግሞ ራሳችሁ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ብዙዎቻችሁ ሸራውን በእጃችሁ መቀየር ጀምራችኋል። ደስ ይለኛል። ሸራ መቀየር ከባድ ሥራ አይደለም። ልብ ብሎ የሚያይ፣ የማይቸኩል ሰው ይማረዋል።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ሥራውን ከቪዲዮ ትማራላችሁ። ቪዲዮው ላይ ያለው ሰው ሙሉ የእቃ ሣጥን ከጎኑ አለ። እጁን ሲሰድ ትክክለኛውን መፍቻ ያነሳል። ለሱ የተለመደ ስለሆነ ስለ መፍቻው አንድ ቃል አይተነፍስም። እናንተ ቤት ያለው ደግሞ ከመኪናው ጋር የመጣ ክሪክ፣ አንድ ፒንሳ፣ አንድ ካቻቢቴና መዶሻ ነው። የጎደለውን በብልሃት ትሞሉታላችሁ። ሰው የሚጎዳውም፣ ፍሬኑ የሚበላሸውም እዚያ ላይ ነው።

ብልሃትን አልንቅም። መርካቶ ሶማሌ ተራ ቆሞ ያየ ሰው ሊንቅ አይችልም። የዚህን መኪና እቃ ለዚያ አስማምተው፣ ጠርበው፣ ቀጥቅጠው፣ የሞተ መኪና የሚያስነሱ ሰዎች አሉን። አልዘጋም ያለ በር በሽቦ ቢታሰር ቤት ያደርሳል። ፍሬን ግን እንደዚያ አይደለም። ፍሬን በአግባቡ ሳይሠራም ደህና መስሎ ይከርማል። የሚከዳው በሙሉ ኃይል ስትረግጡት ነው፤ ማለትም ከምንም ጊዜ በላይ በምትፈልጉት ሰዓት። ኋላ የተቀመጠው ተሳፋሪና መንገድ የሚያቋርጠው ሰው ደግሞ ስለ ሽቦውም ስለ መዶሻውም የሚያውቁት ነገር የለም።

ስለዚህ ዛሬ የማወራው ስለ እቃው ነው። እያንዳንዱ እቃ ምንን ከምን እንደሚያድን ላሳያችሁ። ያን ካወቃችሁ የቱን መግዛት፣ የቱን መዋስ፣ መቼስ ሥራውን ማቆም እንዳለባችሁ ራሳችሁ ትወስናላችሁ።

ከክሪኩ እንጀምር። ከመኪናው ጋር የሚመጣው ክሪክ የተሠራው መንገድ ላይ የተነፈሰ ጎማ ለመቀየር ነው። ፍሬን ስትሠሩ ጎማው ወልቋል፣ እጃችሁ ውስጥ ገብቷል፣ የጠበቀ ቡሎን በሙሉ ጉልበት ትጎትታላችሁ። መኪናው ይወዛወዛል። ያ ቀጭን ክሪክ የጎን ግፊት አይችልም። ጥሩ የሃይድሮሊክ ክሪክ ብትገዙም ያው ነው። የሚይዘው በዘይት ግፊት ነው። ውስጡ ያለው ማሸጊያ ጎማ ሲያረጅ ዘይቱ ያልፋል፣ መኪናው ይወርዳል። ክሪክ ለማንሳት ነው። ከተነሳ በኋላ ክብደቱን መሸከም ያለበት ስታንድ የሚባለው የብረት መደገፊያ ነው። የሚቀመጥበትን ቦታ የመኪናው መጽሐፍ ያሳያል። ጎማውን ከማውለቃችሁ በፊት መኪናውን በእጃችሁ ገፋ ገፋ አድርጉት። መውደቁ ካልቀረ እናንተ አጠገቡ ሳትቀመጡ ይውደቅ። ያወለቃችሁትን ጎማ ደግሞ በበሩ በኩል ከመኪናው ሥር አስተኙት። ምንም አያስከፍልም።

ስታንድም ቢሆን ስም ስላለው ብቻ አይታመንም። በ2020 ሃርበር ፍሬት የሚባለው የመሣሪያ መደብር ፒትስበርግ በሚል ስም ከሸጣቸው የ3 እና የ6 ቶን ስታንዶች ብዙዎቹን በሪኮል፣ ማለትም ከገዢዎች መልሶ፣ ሰብስቧል። ጥርሱ በደንብ ስላልነከሰ ስታንዱ ጭነት እያለበት በድንገት ዝቅ ሊል ይችል ነበር። ያገለገለ ስታንድ ከሰው ስትገዙ ላዩ ላይ ያለውን የሞዴል ቁጥር ከሪኮሉ ዝርዝር ጋር አመሳክሩ። በነሐሴ ሙቀት አስፋልት ይለሰልሳል፤ የስታንዱ እግር ይሰምጣል። ከሥሩ ወፈር ያለ ጣውላ አድርጉ።

አሁን ታኮ፣ ጎማው እንዳይንከባለል ከሥሩ የሚደረገው። ብዙ ሰው ይንቀዋል። «ፒ ላይ አድርጌዋለሁ፣ የት ይሄዳል?» ይላል። እስቲ አብረን እናስበው። ፒ የሚቆልፈው ማርሹን ነው። ካምሪና ኮሮላ የሚነዱት በፊት ጎማ ስለሆነ ፒ የሚይዘው የፊቱን ጎማዎች ነው። አንዱን የፊት ጎማ ከመሬት ስታነሱ፣ የተነሳው ጎማ ኃይሉን ለሁለቱ ጎማዎች በሚያካፍለው ዲፈረንሻል በኩል እንደልቡ ይዞራል። ያኔ ፒው አልያዘም ማለት ነው። መኪናውን የያዘው የእጅ ፍሬኑ ብቻ ነው፤ እሱም የኋላውን ጎማ ነው የሚይዘው። የኋላ ፍሬን ለመሥራት ስትነሱ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ኋላው ተነስቷል፣ በዚያ ላይ የእጅ ፍሬኑን መልቀቅ አለባችሁ፣ አለበለዚያ ታምቡሩ፣ ማለትም የኋላውን ሸራ የሚሸፍነው ክብ ብረት፣ አይወጣም። ስለዚህ መሬት የነካውን ጎማ ከፊትም ከኋላም በታኮ ያዙት። ጥርብ ድንጋይ ሳይሆን የጎማ ታኮ ይሁን። ድንጋይ ይንሸራተታል፣ ይሰበራል።

መፍቻ ላይ እንምጣ። እዚህ አገር አንድ ችግር አለ። መደብር ሄዳችሁ ርካሽ የመፍቻ ሣጥን ስትገዙ ግማሹ በኢንች፣ ግማሹ በሚሊሜትር ነው። የእናንተ መኪና ቶዮታ፣ ሆንዳ፣ ኒሳን፣ ሃዩንዳይ ነው። ሁሉም ሚሊሜትር ነው። በብዙ ካምሪና ኮሮላ ላይ የፊት ካሊፐሩ፣ ማለትም ሸራውን ከጎማው ጋር በሚዞረው ዲስክ ላይ የሚያጣብቀው ብረት፣ ቡሎኑ 14 ነው። ካሊፐሩን የሚሸከመው ብራኬት 17 ነው። የጎማው ዳዶ 21 ነው። ከኢንቹ ወገን ደግሞ 9/16 የሚባል አለ። በሚሊሜትር ሲሰላ ወደ 14.3 ነው። 14 ላይ ይገባል። የገባ ይመስላል። ቡሎኑ ዝገት ከያዘውና በኃይል ከሳባችሁት ግን ያቺ ትንሽ ክፍተት ጠርዙን ትበላዋለች። ቡሎኑ ክብ ከሆነ በኋላ የአንድ ሰዓቱ ሥራ የአንድ ቀን ይሆናል።

ሁለተኛው ነገር የቡሶላው፣ ማለትም ቡሎኑ ላይ የሚጠልቀው መፍቻ፣ ውስጡ ነው። አገላብጣችሁ እዩት። ውስጡ 6 ጎን ያለው አለ፣ 12 ጎን ያለውም አለ። 12ቱ ለማስገባት ይቀላል። ነገር ግን የሚይዘው የቡሎኑን ጫፍ ጫፍ ብቻ ነው። ለፍሬን 6 ጎኑን ግዙ። አፉ የሚሰፋና የሚጠብ መፍቻ ደግሞ ለቧንቧ ነው፤ ከፍሬን ሥራ አርቁት።

ለፍሬን ቱቦ የተለየ መፍቻ አለ። ተራ መፍቻ የሚይዘው በሁለት ጎን ነው። ይሄኛው አፉ ላይ ቱቦውን የሚያሳልፍ ቀዳዳ ብቻ ትቶ ዳዶውን ዙሪያውን ያቅፋል። ስሙ ፍሌር ነት ሬንች ነው። በጃፓን መኪኖች ላይ ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው 10 ቁጥር ነው። እዚህ ክረምት ላይ መንገዱ ጨው ይረጫል። ጨው የብረቱን ቱቦ ከዳዶው ጋር ያጣብቀዋል። በተራ መፍቻ ስትፈቱት ወይ ዳዶው ይበላል፣ ወይ ቱቦው አብሮ ተጠማዝዞ ይሰነጠቃል። ከዚያ በኋላ የምትሠሩት የሸራ ሥራ መሆኑ ቀረ፤ ፔዳሉ ከሚገፋው የዘይት ፓምፕ፣ ከማስተር ሲሊንደር፣ እስከ ጎማ የሚሄድ አዲስ ቱቦ መዘርጋት ሆነ። ሸራ ብቻ የምትቀይሩ ከሆነ ግን ቱቦውን መንካት ጨርሶ አያስፈልግም። አትንኩት።

ካሊፐሩ ወጣ እንበል። የት አስቀመጣችሁት? ብዙ ጊዜ የማየው የፍሬን ዘይት በሚያመጣለት የጎማ ቱቦ ተንጠልጥሎ ነው። ካሊፐር ከባድ ብረት ነው። ያ ቱቦ ደግሞ ግፊት ለመሸከም እንጂ ብረት ለማንጠልጠል አልተሠራም። ውስጡ ሲቀደድ ከውጭ አይታይም። ዘይቱ ይሄዳል፣ ግን ቶሎ አይመለስም። ከወር በኋላ አንዱ ጎማ ፍሬን ይዞ አልለቅም ይላል፣ ይግላል፣ አዲሱ ሸራ በአንድ በኩል ብቻ ያልቃል። ለዚህ መፍትሔው የኤስ ቅርጽ ያለው መንጠቆ ነው። ከስፕሪንጉ ላይ አንጠልጥሉት። ወፍራም ሽቦ አጥፋችሁ ብትሠሩትም ይሆናል። እዚህ ቦታ ላይ ሽቦ ምንም ችግር የለበትም።

አሁን ፒስተኑ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ጉዳት የሚደርሰው እዚህ ነው።

አዲሱ ሸራ ወፍራም ስለሆነ ሸራውን እየገፋ ወደ ውጭ የወጣው የካሊፐሩ ፒስተን ተመልሶ መግባት አለበት። ሰው ካቻቢቴ በዲስኩና በሸራው መሀል አስገብቶ ይፈነቅላል። ፒስተኑ ይገባል፣ ግን ጠማማ ሆኖ ነው የሚገባው። ዙሪያውን ያለው የአቧራ መከላከያ ጎማ በካቻቢቴው ጫፍ ይቀደዳል። በተቀደደው በኩል ውሃና ጨው ይገባል፣ ፒስተኑ ይዝጋል፣ ካሊፐሩ ይነክሳል። ሲ ክላምፕ፣ ማለትም የሲ ቅርጽ ያለው እየዞረ የሚጠብቅ መያዣ፣ ተጠቀሙ። አሮጌውን ሸራ ፒስተኑ ላይ አድርጋችሁ በሱ ላይ አጥብቁ፤ ግፊቱ እኩል ይከፋፈላል። ቀስ ብላችሁ አዙሩ። ሞተሩ ጋ ያለውን የፍሬን ዘይት ክዳን ቀድማችሁ ክፈቱ፤ ዘይቱ ወደ ላይ ይመለሳልና እንዳይፈስ ተከታተሉት። የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣል። ከፈሰሰ ወዲያው በብዙ ውሃ እጠቡት።

ይሄ ግን ለሁሉም መኪና አይሆንም። የእጅ ፍሬኑ ከካሊፐሩ ጋር አንድ ላይ በተሠራበት የኋላ ፍሬን ላይ ፒስተኑ እየዞረ ነው የሚገባው። በብዙ ሆንዳ አኮርድና ኒሳን አልቲማ ላይ እንዲህ ነው። ፒስተኑን ስታዩት ፊቱ ላይ የመስቀል ቅርጽ ወይም ጉድጓዶች አሉት። ምልክቱ ያ ነው። እዚያ ላይ ሲ ክላምፕ በጉልበት ካጠበቃችሁ ውስጡ ያለውን ጥርስ ትሰብራላችሁ። ካሊፐሩ ከዚያ በኋላ አይጠገንም። የሚያስፈልገው እየገፋ የሚያዞር መሣሪያ ነው። በሣጥን ይሸጣል፣ በውሰትም ይገኛል።

ከዚህ የባሰ አለ። አዳዲሶቹ መኪኖች የእጅ ፍሬናቸው በቁልፍ መጫን የሚሠራ የኤሌክትሪክ ነው። ከ2018 ሞዴል ወዲህ ያለው ካምሪ እንዲህ ነው። ካሊፐሩ ላይ ትንሽ ሞተር አለች። ፒስተኑን የያዘችው እሷ ናት። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ሲስተሙን ወደ ጥገና ሁኔታ ማስገባት አለባችሁ። በአንዳንድ መኪና የሚጫኑትን ቁልፎች በቅደም ተከተል በመጫን ይሆናል፣ በሌላው ኮምፒውተር የሚያነብ ስካነር ይፈልጋል። ስካነሩም የኤሌክትሪክ ፍሬንን ማዘዝ የሚችል ይሁን። የሞተር መብራት ብቻ የሚያነበው ርካሹ አይሠራም።

ፕሪየስ የምትነዱ ደግሞ ብዙ ናችሁ፣ አያችኋለሁ። የፕሪየስ ፍሬን በኤሌክትሪክ ፓምፕ ነው የሚታዘዘው። የሾፌሩ በር ሲከፈት ብቻ እንኳ ፓምፑ ተነስቶ ግፊት ሊሰጥ ይችላል። ካሊፐሩ ወልቆ፣ ጣታችሁ ከፒስተኑ ፊት እያለ ልጃችሁ መጥቶ በሩን ቢከፍት አስቡት። ስለዚህ ቁልፉ ከመኪናው ይራቅ። በሩን ማንም አይንካ። የጥገና መጽሐፉ በሚለው መሠረት 12 ቮልቱ ባትሪ ይነቀልና ጥቂት ጠብቁ። ሸራ መቀየር ትችላላችሁ። ከዘይቱ አየር ማውጣት ግን ስካነር ያለው ሰው ሥራ ነው።

ዲስኩ አልወጣ ካለስ? መዶሻ አይደለም የመጀመሪያው መልስ። የቶዮታን ዲስክ በደንብ እዩት። ሁለት ትናንሽ ጥርስ ያላቸው ቀዳዳዎች አሉት። 8 ሚሊሜትር፣ ጥርሱ 1.25 የሆነ ሁለት ቡሎን አስገብታችሁ እያፈራረቃችሁ አጥብቁ። ዲስኩ ራሱን እየገፋ ይወጣል። ታምቡሩም እንዲሁ ነው። ፋብሪካው አስቦ የሠራላችሁን ነገር ስለማናውቀው ነው ጋራዥ ሁሉ መዶሻ የሚሰማው። ሆንዳ ላይ ዲስኩን የያዙ ሁለት ቪቴዎች አሉ። ጭንቅላታቸው የጃፓን ስታንዳርድ የሆነ መስቀል ነው። ተራው ካቻቢቴ ይንሸራተትና ይበላቸዋል። ለነሱ በመዶሻ ሲመቱት ወደ ታች እየገፋ የሚዞር የእጅ ኢምፓክት ድራይቨር አለ። ሆንዳ ያላችሁ ይህን ሳትይዙ አትጀምሩ።

ልኬትን ብዙ ሰው ይዘልላል። አዲስ ሸራ 10 ሚሊሜትር አካባቢ ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ይወፍራል። በቨርጂኒያ ዓመታዊ ምርመራ ላይ በማጣበቂያ የተያያዘ ሸራ ከ2/32 ኢንች፣ ማለትም ከ1.6 ሚሊሜትር በታች ከሆነ መኪናው አያልፍም። እኔ እስከዚያ አትጠብቁ እላለሁ። ዲስኩ ላይ ደግሞ የመጨረሻው ውፍረት ተጽፏል። ጠርዙን ወይም መሀሉን በሽቦ ብሩሽ ስታጸዱት ይነበባል። የምትለኩት ካሊፐር በሚባለው ተራ መለኪያ ከሆነ (ስሙ ብቻ ነው ከፍሬኑ ካሊፐር ጋር የሚመሳሰለው) ተጠንቀቁ። ዲስኩ ጠርዝ ላይ ያልተበላ ከንፈር አለ። መለኪያው ከንፈሩ ላይ ያርፍና ወፍራም ነው ብሎ ይዋሻል። ማይክሮሜትር ግን ከንፈሩን አልፎ ሸራው የሚነካበትን ቦታ ይለካል።

ስለ አቧራው አጥብቄ እናገራለሁ። አገር ቤት ታምቡር ሲከፈት በኮምፕረሰር ማናፈስ የተለመደ ነው። እባካችሁ ይሄን አታድርጉ። ሸራ ውስጥ ለረጅም ዘመን አስቤስቶስ ነበር። እዚህ አሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ የመጨረሻውን የክሪሶታይል አስቤስቶስ እገዳ ያወጣው በመጋቢት 2024 ነው፤ ለገበያ የሚቀርብ የፍሬን ሸራም በውስጡ አለ። በአሮጌ መኪና ላይ ያለው ሸራ ከየት እንደመጣ ማንም አያውቅም። የሚያናፍሰው ልጅ ነው ወደ ሳንባው የሚያስገባው። አቧራውን በብሬክ ክሊነር አርጥቡት፣ በጨርቅ ጥረጉት፣ ጨርቁን በላስቲክ አስራችሁ ጣሉት። ቤንዚን አይሆንም። ብሬክ ክሊነሩን ራሱ ክፍት ቦታ ላይ ተጠቀሙ። ክሎሪን ያለበት ዓይነት በእሳት ወይም በብየዳ ሙቀት ሲነካ መርዘኛ ጋዝ ይወጣዋል። የሌለበት ዓይነት ደግሞ በቀላሉ ይቀጣጠላል።

ግሪስም ዓይነት አለው። ካሊፐሩ ወዲያ ወዲህ የሚንሸራተትባቸው ፒኖች ላይ የሲሊኮን ወይም ለፍሬን ተብሎ የተሠራ ግሪስ ቀቡ። ለጎማ ኩሺኔታ የምትጠቀሙበት የነዳጅ ዘር ግሪስ የፒኑን ጎማ ያሳብጠዋል። ፒኑ ይጣበቃል። ሸራው በአንድ በኩል ብቻ ሲያልቅ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይሄ ነው።

መጨረሻ ላይ ማጥበቅ ይመጣል። ቶርክ ሬንች፣ ማለትም የሚያጠብቅበትን ኃይል የሚለካ መፍቻ፣ የሌለው ሰው የጎማ ዳዶ በእግሩ ቆሞ ያጠብቃል። ወይም በኢምፓክት ጋን ያስጮኸዋል። ለአብዛኞቹ ካምሪ፣ ኮሮላና ፕሪየስ የጎማው ዳዶ ልክ 76 ፉት ፓውንድ፣ ማለትም 103 ኒውተን ሜትር ነው። እጅግ የጠበቀ ዳዶ ጥርሱ ይሳባል። ሌሊት በሃይዌይ ዳር ጎማ ሲተነፍስባችሁ ደግሞ ከመኪናው ጋር በመጣው መፍቻ አይፈታላችሁም። በብዙ ካምሪና ኮሮላ ላይ የፊት ካሊፐሩ የፒን ቡሎን 25 ፉት ፓውንድ አካባቢ ነው። ብራኬቱ 79 አካባቢ። የራሳችሁን ዓመትና ሞዴል ከጥገና መጽሐፉ አረጋግጡ። ትልቁ ቶርክ ሬንች 25 ላይ በደንብ አይለካም፤ ከመለኪያው ታችኛ ጫፍ ላይ ነውና። ትንሹን፣ ጫፉ 3/8 ኢንች የሆነውን ያዙ።

አንድ ነገር ልጨምር። አየር ማውጫዋ ትንሽ ቡሎን ለብዙ ቶዮታ 74 ተብሎ ተጽፎ ታገኛላችሁ። ያ ኢንች ፓውንድ ነው። ወደ 6 ፉት ፓውንድ ብቻ ማለት ነው። አንድ ሰው 74 ፉት ፓውንድ ብሎ ቢያጠብቃት ካሊፐሩ ውስጥ ትቆረጣለች። መለኪያውን ከቁጥሩ እኩል አንብቡ።

ቶርክ ሬንች ለመፍታት አትጠቀሙበት። ስትጨርሱ ወደ ታችኛው ቁጥር መልሳችሁ አስቀምጡት።

መኪናውን ከማንቀሳቀሳችሁ በፊት ፔዳሉ ጠጣር እስኪሆን ድረስ ደጋግማችሁ ርገጡ። ፒስተኑን ወደ ውስጥ ገፍታችሁታል፤ የመጀመሪያው ርግጫ ባዶ ነው። ይህን ረስቶ ከፓርኪንግ የወጣ ሰው የፊቱን ግድግዳ ነው የሚያገኘው።

አሁን ጥያቄዎች ነበሩ። አንዲት እህታችን «ይሄን ሁሉ ከገዛሁ ጋራዥ መክፈል አይሻለኝም ወይ?» ብላ ጠይቃለች። ጥሩ ጥያቄ ነው። ሁሉንም አትግዙ። ሁልጊዜ የሚያስፈልጉትን ግዙ፤ ጥሩ ክሪክ፣ ሁለት ስታንድ፣ ታኮ፣ 6 ጎን ሚሊሜትር ቡሶላ፣ ቶርክ ሬንች። የዓይን መነጽርና ጓንትም ጨምሩ። የቀረውን ተዋሱ። ኦቶዞን፣ ኦሪሊና አድቫንስ የሚባሉት የእቃ መደብሮች መሣሪያ ያውሳሉ። መያዣ ታስቀምጣላችሁ፤ እቃውን በጊዜው በደህና ስትመልሱ ገንዘባችሁ ይመለሳል። ፒስተን የሚያዞረውን ሣጥን፣ የታምቡር ስፕሪንግ መሣሪያውን፣ ቶርክ ሬንቹን ሳይቀር። ይህን ዕድል ብዙ የኛ ሰው አያውቅም፤ እኔን የሚቆጨኝ እሱ ነው።

ሌላ ወንድም «አገር ቤት ወንድሜ ቪትዝ አለው፣ ምን ልውሰድለት?» አለ። ቶርክ ሬንች ውሰድለት፤ በኒውተን ሜትር የሚያነብ ይሁን። ፍሌር ነት መፍቻ ቁጥር 10 ውሰድለት። የሲሊኮን ግሪስ በትንሽ ቱቦ። መፍቻዎቹን በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አድርገው፤ ከ7 ኢንች በላይ የሆነ መሣሪያ በእጅ ሻንጣ አያልፍም። ብሬክ ክሊነር ስፕሬይ አትያዝ፤ አውሮፕላን ላይ ክልክል ነው። ታምቡሩን ሲከፍት አንዱን ጎን ጨርሶ ሳይገጥም ሌላውን እንዳይፈታ ንገረው። ስፕሪንጎቹ የት እንደሚገቡ ሲጠፋበት ያልተፈታው ጎን ያሳየዋል።

አንድ ጋሼ ደግሞ ስለ ዘይቱ ጠየቁ። ክዳኑ ላይ የተጻፈውን ይጠቀሙ። ዶት 3፣ ዶት 4 እና ዶት 5.1 አንድ ወገን ናቸው። ዶት 5 ሲሊኮን ነው፤ ከነሱ ጋር አይቀላቀልም። ቁጥሩ 5 እና 5.1 ስለሚመሳሰል ሰው ይሳሳታል። ዘይቱ ውሃ ይስባል። ዶት 3 አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት፣ ውሃ ሲገባበት ግን ወደ 140 ይወርዳል። ቁልቁለት ላይ ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፣ ፔዳሉም ባዶ ይሄዳል። ስለዚህ ተከፍቶ የከረመ ጣሳ አይጨምሩ፣ ጋሼ። አዲሱን ይግዙ።

የመጨረሻው ጥያቄ የመጣው ከኋላ ነው። «ሁሉን በትክክል ሠርቼ፣ ፔዳሉ አሁንም ስፖንጅ ከሆነ ምን ላድርግ?» ሸራ ብቻ ከቀየርክና ቱቦ ካልፈታህ አየር መግባት የለበትም። ሸራው በደንብ መቀመጡን፣ ፒኖቹ መንሸራተታቸውን፣ ዘይቱ ልኩ ላይ መሆኑን እይ። ቱቦ ፈትተህ ከነበረ አየር አለ ማለት ነው፤ ከማስተር ሲሊንደር በጣም ከሚርቀው ጎማ ጀምረህ አውጣ። መሪው በግራ በሆነ መኪና ብዙ ጊዜ የኋላ ቀኙ ነው፤ የአንተ መኪና መጽሐፍ ሌላ ካለ እሱን ተከተል። አሁንም ፔዳሉ ወደ ታች የሚሰምጥ ከሆነ መኪናውን አትንዳው፤ «ጋራዡ ቅርብ ነው» ብለህም ቢሆን። ቶው ትራክ ጥራ።